ለአነስተኛ ኮምፒዩተር ግራፊክስ ካርድ ሲገዛ ቀድሞ መነበብ ያለበት የፓወር ሰፕላዩ ጽሑፍ ነው

ደብረ ማርቆስ፤ በደብረ ማርቆስ ከተማና በዙሪያዋ በሚገኙ ወረዳዎች የመንግሥት ሥራ ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር በተሸጋገረ ቁጥር፣ ለደብዳቤ መጻፊያ የተገዙ አነስተኛ ኮምፒዩተሮች ካርታና የሳተላይት ምስል እንዲያሳዩ መጠየቃቸው አልቀረም።

ከተማዋን የሚያዋስነው የጎዛምን ወረዳ፣ በአማራ ክልል የገጠር መሬት ይዞታ ምዝገባ በ1990ዎቹ አጋማሽ በሙከራ ደረጃ ከተካሄደባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። በዚያን ጊዜ የአርሶ አደሩ ይዞታ በመዝገብና በደብተር ይሰፍር የነበረ ሲሆን፣ በኋላ በተጀመረው የሁለተኛ ደረጃ የይዞታ ማረጋገጫ የእያንዳንዱ ማሳ ወሰን በካርታ ተለይቶ ይያዛል።

ይህን ካርታ የያዘው ኮምፒዩተር በሥራ መካከል ድንገት ሲጠፋ ያልተቀመጠው ሥራ ይባክናል፤ ከሩቅ ቀበሌ የመጣው ባለጉዳይም «ሲስተም የለም» ተብሎ ይመለሳል። ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ በመብራት መቆራረጥ ይመካኛል። ይሁንና ኮምፒዩተሩ ከሚችለው በላይ ኃይል የሚፈልግ ግራፊክስ ካርድ ስለተገጠመለትም ሊሆን ይችላል።

ፓወር ሰፕላይ የሚባለው ሣጥን ከግድግዳው የሚመጣውን 220 ቮልት ተቀብሎ ለኮምፒዩተሩ ክፍሎች ወደሚያገለግሉት 12፣ 5 እና 3 ነጥብ 3 ቮልት ይለውጣል። ፕሮሰሰሩና ግራፊክስ ካርዱ በዋናነት የሚጠቀሙት የ12 ቮልቱን መስመር ነው። በመሆኑም በሣጥኑ ላይ በትልቁ ከሚጻፈው ጠቅላላ ዋት ይልቅ ለውሳኔ የሚጠቅመው በ12 ቮልት ሥር የሰፈረው የአምፔር መጠን ነው።

የአነስተኛ ኮምፒዩተሮች አቅም ውስን ነው። ለአብነት ያህል እ.ኤ.አ በ2012 ለገበያ የቀረበው ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 አነስተኛ ሞዴል የተገጠመለት ፓወር ሰፕላይ 240 ዋት ሲሆን፣ ከእሱ በኋላ የመጣው የ9020 አነስተኛ ሞዴል ደግሞ 255 ዋት ነው።

ስሌቱ ከባድ አይደለም። በፓወር ሰፕላዩ ጽሑፍ ላይ 12 ቮልት 16 አምፔር የሚል ከተገኘ፣ ሁለቱን በማባዛት 192 ዋት ይገኛል። ለጥንቃቄ ሲባል ከዚህ ላይ አንድ አምስተኛው ለመጠባበቂያ ቢተው ለሥራ የሚውለው 153 ዋት ያህል ይሆናል።

ኮር አይ 5-3470 የተባለው ፕሮሰሰር የሙቀት ልኬቱ 77 ዋት ነው። ለማዘርቦርድ፣ ለሜሞሪ፣ ለሃርድ ዲስክና ለማራገቢያ በጥቅሉ 40 ዋት ቢያዝ ድምሩ 117 ዋት ይደርሳል። ለግራፊክስ ካርድ የሚተርፈው እንግዲህ 36 ዋት ገደማ ብቻ ነው።

በዚህ ልክ ሲታይ 30 ዋት የሚወስዱት ጂፎርስ ጂቲ 1030 እና ኳድሮ ፒ 400 ያለ ችግር ይስተናገዳሉ። 75 ዋት የሚወስደው ጂፎርስ ጂቲኤክስ 1650 ግን መጠባበቂያውን ሙሉ በሙሉ ይበላዋል፤ ድምሩ 192 ዋት ሞልቶ ፓወር ሰፕላዩ ያለ ዕረፍት በጣሪያው ላይ ይሠራል። እንዲህ ያለው ኮምፒዩተር ደብዳቤ ሲጻፍበት ጤነኛ መስሎ ይቆይና ሰፊ ካርታ ሲከፈትበት ሊጠፋ ይችላል።

ካርዱ የሚሰካበት የማዘርቦርድ ቀዳዳ በደረጃው መሠረት ሊሰጥ የሚችለው ከፍተኛ ኃይል 75 ዋት ነው። ከዚያ በላይ የሚፈልግ ካርድ ከፓወር ሰፕላዩ በቀጥታ የሚመጣ ባለ 6 ወይም ባለ 8 እግር ገመድ ያስፈልገዋል፤ የመጀመሪያው 75፣ ሁለተኛው 150 ዋት ይጨምራል። 170 ዋት የሚወስደው አርቲኤክስ 3060 ከዚህ ወገን ሲሆን፣ አነስተኛ ኮምፒዩተሮች በአብዛኛው ገመዱም አቅሙም የላቸውም።

ገመድ የሌለውን ችግር በማቀያየሪያ ለመፍታት መሞከር አደጋ አለው። የሃርድ ዲስክ ገመድ ጫፍ በ12 ቮልት እንዲሸከም የተሠራው 54 ዋት ብቻ ስለሆነ፣ ለ75 ዋት ማስተላለፊያ ሲውል ሊግልና ሊቀልጥ ይችላል።

ፓወር ሰፕላዩን በትልቅ መቀየርም ሁልጊዜ የሚቻል አይደለም። የአነስተኛ ኮምፒዩተር ሣጥን ለመደበኛው ፓወር ሰፕላይ አይበቃም። ከዚህም ሌላ አንዳንድ አምራቾች የራሳቸውን ሶኬት ይጠቀማሉ። ኦፕቲፕሌክስ 9020 ለዚህ ምሳሌ ሲሆን፣ በተለመደው ባለ 24 እግር ሶኬት ፋንታ ባለ 8 እግር ይዟል።

የካርዱ ቁመትም አብሮ መታየት አለበት። ለአነስተኛ ኮምፒዩተር የሚስማማው አጭር ቁመት ያለው ካርድ ሲሆን፣ ሙሉ ቁመት ያለው ከተገዛ ክዳኑ አይዘጋም። ኃይሉን በውጭ አዳፕተር የሚያገኘው እጅግ አነስተኛ ኮምፒዩተር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ለካርድ የሚሆን ቀዳዳ ጨርሶ የለውም።

የአካባቢው ከፍታም የሚዘነጋ አይደለም። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ 400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ አየሩ በባሕር ጠለል ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። የሳሳ አየር ሙቀትን የመውሰድ አቅሙ አነስተኛ ነው። የደጋው ቅዝቃዜ ይህን በከፊል ቢያካክስም፣ ማራገቢያው በአቧራ ከታፈነ ጥቅሙ ይቀራል።

ችግሩ ከመብራቱ ይሁን ከፓወር ሰፕላዩ ለመለየት የሚያስችል ቀላል ምልክት አለ። መብራት ሲቋረጥ የክፍሉ አምፖልም አብሮ ይጠፋል። አምፖሉ እየበራ ኮምፒዩተሩ ከባድ ሥራ ሲጀምር ብቻ የሚጠፋ ወይም ራሱን መልሶ የሚያስነሳ ከሆነ፣ ቀድሞ መመርመር ያለበት ፓወር ሰፕላዩና ሙቀቱ ነው።

ከውጭ በእርዳታ በመጡ አሮጌ ኮምፒዩተሮች ላይ ደግሞ ከኋላ 115 እና 230 የሚል ማቀያየሪያ መኖሩን ማየት ይገባል። በ115 ላይ እንዳለ በአገራችን መብራት ከተሰካ ፓወር ሰፕላዩ ይቃጠላል።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን ሥራው ካርዱን ይፈልግ እንደሆነ መመዘን ተገቢ ነው። ለደብዳቤ፣ ለሠንጠረዥና ለሂሳብ መዝገብ ተጨማሪ ግራፊክስ ካርድ አያስፈልግም። ኮምፒዩተሩ የዘገየው ሜሞሪ ስላነሰው ወይም ሃርድ ዲስኩ ስላረጀ ከሆነ፣ ሜሞሪ መጨመርና ኤስኤስዲ መግጠም የተሻለ ውጤት ያስገኛል። ካርዱ በተለይ የሚያስፈልገው ካርታን በሦስት ገጽታ ለማሳየት፣ እንደ አርክጂአይኤስ ፕሮ ላሉ ፕሮግራሞች ወይም ኮምፒዩተሩ ራሱ የማይችለውን ያህል ብዙ ስክሪን ለማገናኘት ነው።

የማይስማማ ዕቃ ከተገዛ በኋላ ማስተካከል ቀላል አይሆንም። ደብረ ማርቆስ ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ስለምትርቅ፣ ከመዲናዋ የተገዛን ካርድ ለመለወጥ የዓባይን በረሃ እንደገና መሻገር ይጠይቃል፤ ንብረቱ በሞዴል ገቢ ከሆነ በኋላ ደግሞ የመመለሱ ሂደት ይረዝማል።

ስለዚህ የግዥ ጥያቄ ሲዘጋጅ «ግራፊክስ ካርድ፣ ብዛት 1» ብሎ ማለፍ በቂ አይደለም። የኮምፒዩተሩ ሞዴል፣ የፓወር ሰፕላዩ የ12 ቮልት አምፔር፣ ካርዱ ሊወስድ የሚችለው ከፍተኛ ዋት፣ የካርዱ ቁመትና የስክሪን ማገናኛው ዓይነት በቴክኒክ መግለጫው ውስጥ በግልጽ መስፈር ይኖርባቸዋል።

ይህን ለማሟላት ክዳኑን ከፍቶ የፓወር ሰፕላዩን ጽሑፍ በወረቀት መገልበጥ ይበቃል። የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው፤ የመንግሥትን ገንዘብም ማሳውን ለማስመዝገብ ከቀበሌው የመጣውን አርሶ አደር ጊዜም ከብክነት ያድናል።