ዋልካ ላይ ማረፍ

ከመተማ ዮሐንስ ማዶ፣ ሱዳን ውስጥ ጋላባትን አልፎ እስከ ገዳሪፍ የሚዘልቀው ሜዳ ማሽላና ሰሊጥ አብቃይ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ወደ 600 ሜትር ይሆናል፤ ዳገት የለው፣ ተራራ የለው፤ ካርታ ላይ ላየው ሰው አውሮፕላን የትም ሊያርፍበት የሚችል ይመስላል። በሚያዝያ ነገሩ እውነት ነው። መሬቱ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ እስኪያወጣ ይደርቃል፣ ከላይ ቢደለደል ከባድ ጎማ ይሸከማል። ሐምሌ ላይ ግን ያው መሬት ትራክተር ይይዛል። ስለ አካባቢው የአየር ማረፊያዎች ሲወራ ጄኔራሎች፣ ሰላዮችና ፕሬዚዳንቶች ናቸው የሚነሡት። እኔ ግን ከሁሉም በፊት አፈሩን፣ ዋልካውን፣ አነሣለሁ።

ቀኖቹን እንይ። ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. በብርጋዴር ዊልያም ስሊም የሚመራው 10ኛው የህንድ እግረኛ ብርጌድ በጣልያን የተያዘችውን ጋላባትን ሲያጠቃ፣ ግላዲያተር የሚባሉ ባለ ድርብ ክንፍ ተዋጊ አውሮፕላኖች ከላይ ነበሩ። ብዙዎቹ በዚያው ቀን በጣልያን አውሮፕላኖች ተመትተው ወደቁ። ጥር 12 ቀን ደግሞ አፄ ኃይለ ሥላሴ ከካርቱም በአውሮፕላን ወደ ድንበሩ መጥተው ኦሜድላ ላይ ኢትዮጵያ ምድር ገቡ። ሦስተኛው፣ ዋናው ታሪካችን የሚያርፍበት፣ መጋቢት 1977 ዓ.ም. ነው። አንዱም ክረምት ላይ አልዋለም።

ዋልካን ዋልካ የሚያደርገው በውስጡ ያለው የሸክላ ማዕድን ነው። ስሜክታይት ይባላል፤ የተሠራውም እርስ በርስ ከተደራረቡ እጅግ ስስ ንጣፎች ነው፤ የአንዱ ውፍረት ከአንድ ሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ገደማ ነው። ዝናብ ሲዘንብ ውሃው በንጣፎቹ መሀል ይገባና ያራርቃቸዋል፣ አፈሩም ያብጣል። ፀሐይ ሲመታው ውሃው ይወጣል፣ ንጣፎቹ ይቀራረባሉ፣ መሬቱም ይሰነጠቃል። ገዳሪፍ በዓመት የምታገኘው ዝናብ 600 ሚሊሜትር አካባቢ ነው፤ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ስለሆነ እብጠቱም በጥቂት ወራት ውስጥ ይከመራል። ለገበሬው ይህ በረከት ነው፣ ውሃ የሚይዝ አፈር ሰሊጥ ያበቅላል። መንደርደሪያ ለሚሠራ መሐንዲስ ግን ራስ ምታት ነው። አስፋልት ቢነጠፍበት ጠርዙ ቀድሞ ይረጥባል፣ መሀሉ ደረቅ እንደሆነ ይቆያል፤ ጠርዙ ተነሥቶ መሀሉ ባለበት ሲቀር አስፋልቱ በቁመቱ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ ደግሞ ሌላ ውሃ ይገባል።

መድኃኒቱ ርካሽ አይደለም። አንዱ መንገድ ዋልካውን ቆርጦ አውጥቶ ገረጋንቲ መሙላት ነው። ሌላው ኖራ መቀላቀል ነው፦ በኖራው ውስጥ ያለው ካልሲየም የሸክላውን ቅንጣቶች ያያይዛቸዋል፣ አፈሩ ውሃ የመጠጣት አመሉ ይቀንሳል፣ ጊዜ ሲሰጠውም ይጠነክራል። ከዚያ በኋላ ጎርፍ የሚወስድ ቦይ ያስፈልጋል፤ ቁልቁለት በሌለበት ሜዳ ላይ ውሃን ወዴት መስደድ እንደሚቻል ግን ራሱን የቻለ ጣጣ ነው።

አሁን ወደ 1977 ዓ.ም. እንመለስ። በድርቅና በጦርነት ከጎንደርና ከትግራይ የተሰደዱ ብዙ ሺህ ሰዎች፣ ከእነርሱም መካከል ቤተ እስራኤላውያን፣ በገዳሪፍ ዙሪያ ተዋዋና ኡምራኩባ በሚባሉ ካምፖች ተጠልለው ነበር። ከኅዳር 12 እስከ ታኅሣሥ 27 ድረስ በተካሄደው «ኦፕሬሽን ሙሴ» ስደተኞቹ ሌሊት ሌሊት በአውቶቡስ ወደ ካርቱም እየተወሰዱ በአንድ የቤልጅየም አየር መንገድ አውሮፕላኖች ወደ እስራኤል ተጓጓዙ። በአውቶቡስ 400 ኪሎ ሜትር ያህል መሄድ ነበረባቸው፤ ቦይንግ 707ን የመሰለ ጄት ረጅም አስፋልት ይሻል። ወሬው ሲወጣ በረራው ተቋረጠ፣ ብዙ ሰውም ካምፕ ውስጥ ቀረ።

በየካቲት መጨረሻ የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ ካርቱም ሄደው ከፕሬዚዳንት ጃፋር ኒሜሪ ጋር ተነጋገሩ። የቀሩት እንዲወጡ ስምምነት ተደረሰ፤ የተመረጠው ቦታ ግን ካርቱም ሳይሆን ከገዳሪፍ ወጣ ብሎ ያለው አዛዛ ነበር። አዛዛ ያኔ ተርሚናል የለው፣ አስፋልት የለው፣ ሜዳ ላይ የተደለደለ መሬት ነው። በመጋቢት አንድ ማለዳ የአሜሪካ አየር ኃይል ሲ-130 ሄርኩለስ አውሮፕላኖች ተራ በተራ እያረፉ 500 የሚጠጉ ሰዎችን ጭነው በቀጥታ ወደ እስራኤል በረሩ። ኒሜሪ ከዚህ በኋላ ጥቂት ቀናት ብቻ ነው ሥልጣን ላይ የቆዩት፤ መጋቢት 28 ቀን ጦሩ አወረዳቸው።

ሄርኩለስን ለዚህ ሥራ የሚያበቃው ቅርጹ ነው። ክንፉ ከጀርባው ላይ ስለሆነ አራቱ ውልብልቢቶች ከመሬት ርቀው ይሽከረከራሉ፤ ጠጠርና አቧራ በቀላሉ አያገኛቸውም። ጎማዎቹ ሰፋፊ፣ የአየር ግፊታቸውም ከመንገደኛ ጄት ያነሰ በመሆኑ ክብደቱ በሰፊ መሬት ላይ ይከፋፈላል፣ አፈሩ አይሰረጎድም። ሆዱ መሬት ሊነካ ምንም አይቀረውም፤ የኋላ በሩ ሲወርድ ሽማግሌም ሕፃንም ያለ መሰላል በእግሩ ይገባል። ይህ ሁሉ ግን የሚሠራው አፈሩ ደረቅ ሲሆን ነው። ሦስት ወር ቢዘገይ ኖሮ ዝናቡ ይቀድም ነበር።

ማለዳ መሆኑም ጥቅም ነበረው። አየር ሲሞቅ ይሳሳል፤ የሳሳ አየር ክንፍን በደንብ አያነሣም፣ ሞተሩንም ያደክማል። ስሌቱን ብንሠራ፣ ገዳሪፍ በቀትር 42 ዲግሪ ስትደርስ አየሩ 1,600 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ አየር ይሆናል፤ ጎህ ሲቀድ፣ ሙቀቱ 24 አካባቢ ሲሆን፣ ወደ 1,000 ሜትር ይወርዳል። በዓለም አቀፍ መመሪያ መሠረት ከፍታ በ300 ሜትር በጨመረ ቁጥር መንደርደሪያው በ7 በመቶ ይረዝማል። ቦሊቪያ ውስጥ የላፓዝ ከተማ አውሮፕላን ማረፊያ ኤል አልቶ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነ የመንደርደሪያው ርዝመት ራሱ 4 ኪሎ ሜትር ነው። ቆላ ነው ተብሎ የሚናቀው የገዳሪፍ ሜዳም በቀትር ደጋ ይሆናል ማለት ነው፤ ቢያንስ ለአብራሪው።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ሲፈነዳ የከተማዋ አውሮፕላን ማረፊያ ከመጀመሪያዎቹ የውጊያ ቦታዎች አንዱ ሆነ፣ የሲቪል በረራም ወደ ፖርት ሱዳን ዞረ። ወደ ምሥራቅ የሸሸው ሕዝብ በገዳሪፍ አድርጎ መተማ ደረሰ። ከውጭ አገር ዜጎች ብዙዎቹ ወደ ጎንደር ወጥተው ከአፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ አዲስ አበባ በረሩ፤ በ1977 ከጎንደር ሸሽቶ ገዳሪፍ ላይ አውሮፕላን የተሳፈረው ሰው የሄደበትን መንገድ ወደ ኋላ ተከትለው። ክረምቱ ገብቶም ሰው መምጣቱን አላቆመም። ከገዳሪፍ እስከ ጋላባት፣ ከመተማም እስከ አዘዞ፣ በዋልካው ላይ አስፋልት ተነጥፏል።