በየቶኑ 5 ሳንቲም፦ የጆን ሉዊስ ፈንድ እንዴት ተነሣ፣ እንዴትስ ተዳከመ?

ጆን ሉዊስ የአሜሪካ የማዕድን ሠራተኞች ኅብረትን ከ1920 እስከ 1960 እ.ኤ.አ. በፕሬዚዳንትነት መርተዋል። በ1880 በአዮዋ ግዛት ከዌልስ ከመጡ ስደተኞች የተወለዱት ሉዊስ ራሳቸውም ጉድጓድ ወርደው ከሰል ቆፍረዋል። ለሙያ ባልደረቦቻቸው ካስገኙት ሁሉ ትልቁ በ1946 የተቋቋመው የማኅበራዊ ዋስትናና የጡረታ ፈንድ ነው።

ከዚያ በፊት በብዙ የከሰል መንደሮች ቤቱም ሱቁም የኩባንያው ነበር። ሐኪሙን የሚመርጠው ኩባንያው ሲሆን፣ ክፍያው ግን ከሠራተኛው ደመወዝ በየወሩ ይቆረጥ ነበር። ጣሪያ ተንዶበት ወገቡ የተሰበረ ሠራተኛ አልጋ ላይ ከመዋል ሌላ ዕጣ አልነበረውም። በ1947 የወጣው በባሕር ኃይል ሐኪሞች የተመራ የመንግሥት ጥናት፣ በብዙ መንደሮች የውኃው፣ የመጸዳጃውና የሕክምናው ይዞታ እጅግ የወረደ መሆኑን አረጋግጧል።

ሚያዝያ 1946 መባቻ ላይ 400,000 ያህል ሠራተኞች ሥራ አቆሙ። ባቡሩም፣ የብረት ፋብሪካውም፣ የኤሌክትሪክ ማመንጫውም በከሰል የሚሠራበት ዘመን ስለነበር ፕሬዚዳንት ትሩማን በግንቦት ማዕድኖቹን በመንግሥት ይዞታ ሥር አደረጉ። በዚያው ወር የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ጁሊየስ ክሩግና ሉዊስ ስምምነት ፈረሙ። አሠሪዎች ለገበያ ከሚያወጡት ከእያንዳንዱ ቶን 5 የአሜሪካ ሳንቲም ለፈንዱ እንዲከፍሉ ተወሰነ። በዓመቱ መጨረሻ ኅብረቱ የፍርድ ቤት እግድ ጥሶ ዳግም ሥራ በማቆሙ 3.5 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን ወደ 700,000 ዶላር ዝቅ አደረገው። ፈንዱ ግን ጸንቶ ቆየ፤ መዋጮውም በ1952 በቶን 40 ሳንቲም ደረሰ።

ገንዘቡ የት እንደዋለ በዓይን የሚታይ ነበር። ለዓመታት ከአልጋ ያልተነሡ ሽባ ሠራተኞች በባቡር ተጭነው ካሊፎርኒያ ወደሚገኝ የተሐድሶ ሕክምና ማዕከል ተወሰዱ። ጡረተኞች በወር 100 ዶላር ማግኘት ጀመሩ። በ1956 ደግሞ በኬንታኪ፣ በቨርጂኒያና በዌስት ቨርጂኒያ የፈንዱ 10 ሆስፒታሎች ተመረቁ።

መዋጮው በሠራተኛ ብዛት ሳይሆን በቶን መተመኑ ኢኮኖሚያዊ ትርጉም ነበረው። ማሽን የሰውን ቦታ ቢይዝም ምርቱ እስካልቀነሰ ድረስ የፈንዱ ገቢ አይነካም። ሉዊስም ጥቂት ሠራተኛ ጥሩ እየተከፈለው ቢሠራ ይሻላል ብለው ስለሚያምኑ ማሽኑን አልተቃወሙም።

ስሌቱ የከሸፈው ፍላጎቱ ሲቀንስ ነው። ባቡሮች ወደ ናፍጣ፣ ቤቶች ወደ ነዳጅ ዘይትና ጋዝ ዞሩ። በ1947 ከ600 ሚሊዮን ቶን በላይ የነበረው ምርት በ1954 ወደ 400 ሚሊዮን ገደማ አሽቆለቆለ፤ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የሠራተኛው ቁጥር 150,000 አካባቢ ደረሰ። ገቢው ሲሳሳ ጡረተኛውና ሕመምተኛው ግን አልቀነሰም። ፈንዱ ለነገ የሚበቃ መጠባበቂያ ሳይዝ የዛሬን መዋጮ ለዛሬ ተጠቃሚ የሚያከፋፍል ስለነበር፣ ሥራ ያጡ ሠራተኞችን የሕክምና መብት ሰረዘ፤ ሆስፒታሎቹንም ለሌላ ድርጅት አስተላለፈ። ከዚህም በላይ ከፍተኛ ገንዘብ በኅብረቱ ባንክ ያለ ወለድ ተቀምጦ መቆየቱን በ1971 ፍርድ ቤት ሲወስን፣ የአስተዳደሩ ድክመት ይፋ ሆነ።

ሉዊስ በ1969 አረፉ። የሠራተኛውን ጤና የአሠሪው የምርት ወጪ አካል ማድረጋቸው ትልቅ ድል ነበር። ድክመቱ ዋስትናው በአንድ ምርት ገበያ ላይ ብቻ መንጠልጠሉ ነው። እንዲህ ያለ ፈንድ የሚያቋቁም ሁሉ በደጉ ዓመት መጠባበቂያ መያዝና ገንዘቡን ከመሪዎቹ እጅ ነጻ በሆነ አካል ማስጠበቅ ይኖርበታል።