አርጅቷል የሚባለው ላፕቶፕ

በነገሌ ቦረና ዋናው መንገድ ዳር ካሉት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች ወደ አንዱ ብትገቡ፣ ማመልከቻው የሚጻፍበት፣ ሲቪው የሚዘጋጅበት፣ ጉርድ ፎቶው የሚታተምበት መሣሪያ አንድ ዓይነት ነው። ጠርዙ የተፋቀ፣ ወፈር ያለ፣ ጥቁር ወይም ግራጫ ላፕቶፕ። ዴል ላቲቲውድ ይሆናል፣ ኤችፒ ኤሊትቡክ ይሆናል፣ ወይም መሃል ኪቦርዱ ላይ ቀይ ነጥብ ያለው ቲንክፓድ። በያቤሎም፣ በሜጋም፣ በሞያሌም ያው ነው። የከተማው ግማሽ ጉዳይ በእሱ በኩል ያልፋል፤ ስሙ የሚነሳው ግን ሲንቀራፈፍ ብቻ ነው። «አርጅቷል፣ ይቀየር» ይባላል።

እኔ ይህን ማሽን እወደዋለሁ፤ ከሚገባው በታች የተገመተ ይመስለኛል። ስለዚህ ከመቀየሩ በፊት በደንብ እንተዋወቀው።

ፕሮሰሰሩ ያሰላል፣ ራሙ የተከፈተውን ሥራ ይይዛል፣ ዲስኩ ፋይሉን ያስቀምጣል፣ ባትሪው መብራት ሲጠፋ ያቆያል፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ብዙ ሰው የማያውቀው የማሽኑን ትውልድ ነው። እነዚህ ላፕቶፖች መጀመሪያ የተሠሩት ለሱቅ ሳይሆን ለትላልቅ ድርጅቶች ነው። አውሮፓና አሜሪካ ያሉ መሥሪያ ቤቶች በጅምላ ይገዟቸዋል ወይም ይከራዩዋቸዋል፤ ሦስት አራት ዓመት ከሠሩባቸው በኋላ ይለቋቸዋል። ከዚያ ነው በነጋዴ እጅ ዞረው አዲስ አበባ የሚደርሱት፣ ከዚያም ወደ ሻሸመኔ፣ ሐዋሳና ወደ ቆላው ከተሞች የሚወርዱት። ማጠፊያቸው ብረት ነው፣ ኪቦርዳቸው ብዙ ይችላል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በተራ ጠመንጃ መፍቻ እንዲከፈቱ ሆነው የተሠሩ ናቸው። ቲንክፓድን በ1992 እ.ኤ.አ. ያወጣው አይቢኤም ነበር፤ በ2005 ወደ ሌኖቮ ተላለፈ። ጠጋኝ የሚወደው ማሽን እንደነበረ ቀረ።

አሁን ወደ ትልቁ ስህተት ልምጣ።

አንድ የቦረና አርብቶ አደር ላሟ ወተት ስትቀንስ ወዲያው ገበያ አይነዳትም፤ መጀመሪያ ሣሩንና ውኃውን ይጠይቃል። ላፕቶፕ ሲንቀራፈፍ ግን የምንጠይቀው የለም። «ስሎው ሆነ» ማለትና «አርጅቷል» ማለት አንድ ተደርጎ ተይዟል። ፕሮሰሰር እንደ ሰው አይደክምም። የዛሬ አሥር ዓመት በሰከንድ ያሰላ የነበረውን ያህል ዛሬም ያሰላል፤ አቧራ አፍኖት ሲግል ብቻ ነው ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን የሚቀንሰው። ያ ደግሞ ፋኑን በማጽዳትና ቴርማል ፔስቱን በመቀየር ይፈታል። ታዲያ ያረጀው ምንድን ነው? ከአሥር ማሽን በአብዛኛው ሃርድ ዲስኩ ነው።

ሃርድ ዲስክ የሚሽከረከር ነገር ነው። ይህን ስናገር ብዙ ሰው ይገረማል። በውስጡ የመስታወት ያህል የሚያበራ ክብ ሳህን አለ፤ በተለመደው የላፕቶፕ ዲስክ ላይ በደቂቃ 5,400 ጊዜ፣ ማለትም በሰከንድ 90 ጊዜ ይዞራል። ከሳህኑ በላይ አንዲት ቀጭን ክንድ አለች፤ ጫፏ ላይ ያለችው አንባቢ ሳህኑን ሳትነካ በአየር ላይ ትንሳፈፋለች። በመካከላቸው ያለው ክፍተት በናኖሜትር የሚቆጠር ነው፤ የሰው ጸጉር ውፍረት ከዚያ ከሺህ ጊዜ በላይ ይበልጣል። የዚህ ቤተሰብ የመጀመሪያው በ1956 እ.ኤ.አ. አይቢኤም ያወጣው ነው፤ 50 ሳህኖች ነበሩት፣ ጠቅላላ የሚይዘው 5 ሚሊዮን ፊደል ነበር። ከዚያ ተነስቶ መዳፍ ላይ የሚያርፍ ዕቃ እስከ መሆን መድረሱ በሰው ልጅ የእጅ ሥራ ታሪክ ውስጥ ትልቅ ቦታ የሚገባው ይመስለኛል።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ዊንዶውስ አንድ ትንሽ ፋይል በፈለገ ቁጥር ክንዷ ወደ ቦታው መሄድ አለባት፣ ሳህኑም ዞሮ እስኪደርስ መጠበቅ አለባት። እንዲህ እየተመላለሰች በሰከንድ መቶ ጊዜ እንኳ ማንበብ አትችልም። በዊንዶውስ 7 ዘመን ይህ ብዙም አይታወቅም ነበር። ዊንዶውስ 10 ግን ከበስተጀርባ ሁልጊዜ ሥራ አለው፦ ማሻሻያ ያወርዳል፣ ፋይል ይመዘግባል፣ ቫይረስ ይፈትሻል። እነዚህ ሁሉ በአንዲት ክንድ ላይ ይሰለፋሉ። ማሽኑ ሳይለወጥ ጭነቱ ተለወጠ። ኤስኤስዲ የሚባለው ዲስክ ግን የሚዞር ነገር የለውም፤ ተራ የሚባለው እንኳ በሰከንድ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ንባብ ያደርጋል። ልዩነቱን ቀድሞ ያላየ ሰው በዓይኑ ካላየ አያምንም።

ማረጋገጥ የሚፈልግ ገንዘብ ሳያወጣ ማረጋገጥ ይችላል። ላፕቶፑ ሲንቀራፈፍ ታስክ ማናጀርን ክፈቱ። ፕሮሰሰሩ 15 በመቶ፣ ዲስኩ ግን 100 በመቶ ላይ ቆሞ ካያችሁት ጉዳዩ ተገለጠ። ማሽኑ አላረጀም፤ ወረፋ ላይ ነው።

አንድ ቀን ነገሌ አንድ ጠጋኝ ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጬ ሳለ አንድ ጎልማሳ መምህር ላፕቶፓቸውን ይዘው መጡ። የፈተና ጥያቄ ለመክፈት ሩብ ሰዓት እንደሚወስድባቸው ነገሩት፤ አዲስ እንዲገዙም ተመክረዋል።

«ጋሼ፣ ማሽኑ ምንም አልሆነም፤ ዲስኩ ነው» አላቸው ጠጋኙ።

«ፎርማት ይደረግ ብለውኝ ሁለት ጊዜ አስደረግኩትኮ!»

«ፎርማት ቢደረግ ሳምንት ይሄዳል፣ ከዚያ ይመለሳል። ይግዙ ካሉ ይግዙ፤ እኔ ግን መጀመሪያ ይህን ይሞክሩ እላለሁ።»

ሁለት ብሎን ፈታ፣ ዲስኩን አወጣ፣ ባለ 256 ጊጋባይት ኤስኤስዲ አስገባ፣ 4 የነበረውን ራም 8 አደረገው። መምህሩ ማታ ይዘውት ሲሄዱ ለአዲስ ማሽን ያሰቡት ገንዘብ አብዛኛው ኪሳቸው ውስጥ ነበር። የወጣው አሮጌ ዲስክ እንኳ አልተጣለም፤ በዩኤስቢ በሚሰካ ትንሽ ቤት ውስጥ ገብቶ የፋይል ማስቀመጫ ሆነላቸው።

ይህን «ፎርማት ይደረግ» የሚባለውን ነገር ተቆጥቼ መናገር አለብኝ። ለሁሉም ሕመም አንድ መድኃኒት ሆኗል። ፋይል ያጠፋል፣ ጊዜ ይበላል፣ የደከመውን ዲስክ አያድሰውም። ላፕቶፑን ሳያጠፉ ቦርሳ ውስጥ ከትተው ባጃጅ የሚሳፈሩ፣ ወይም በፒስታ መንገድ ላይ በሚንገጫገጭ መኪና ውስጥ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው የሚሠሩትም ይስሙኝ፤ ያቺ ክንድ ሳህኑን የምትጭረው እንዲህ ባለ ሰዓት ነው። ከነገሌ ወደ ፊልቱና ወደ ዶሎ እየተመላለሰ ለሚሠራ የመስክ ሠራተኛ ኤስኤስዲ የቅንጦት ዕቃ አይደለም።

ቀጥሎ የሚመጣው ባትሪው ነው፤ እሱ በእርግጥ ያረጃል፣ ቆላ ላይ ደግሞ ቶሎ ያረጃል። የሊቲየም ባትሪ ሁለት ጠላት አለው፦ ሙቀትና ሁልጊዜ ጢም ብሎ መሞላት። በ40 ዲግሪ ሙቀት፣ መቶ በመቶ ተሞልቶ አንድ ዓመት የቆየ ባትሪ ከአቅሙ ሲሶ ያህሉን ያጣል፤ በዚያው ሙቀት በ40 በመቶ ሙሌት ቢቀመጥ የሚያጣው 15 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ ጠዋት ሰክተው ማታ የሚነቅሉ የጽሕፈት ቤቶች ባትሪያቸው ለምን እንደሞተ ሊገርማቸው አይገባም። በብዙዎቹ የድርጅት ላፕቶፖች ላይ ሙሌቱ 80 በመቶ ሲደርስ እንዲቆም ማዘዝ ይቻላል፤ ወይ ባዮሱ ውስጥ ወይ የአምራቹ ፕሮግራም ላይ። ባትሪ እስኪያልቅ መጠበቅ አለበት የሚለው ምክር የድሮ የኒኬል ባትሪ ምክር ነው፤ ለሊቲየም ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም። የውስጥ ባትሪው አብጦ የአይጥ መዳሰሻውን ወደ ላይ የገፋ ላፕቶፕ ካያችሁ ግን አጥፉት፣ አትሰኩት፣ አትውጉት፤ ባትሪው ዛሬውኑ ይውጣ።

መብራት ሄዶ በሚመጣበት ከተማ ላፕቶፕ ከዴስክቶፕ የሚበልጠው በባትሪው ነውና፣ ደህና ባትሪ መግዛት ግማሽ ማሽን እንደ መግዛት ነው። ከሞያሌ ማዶ የመጣ ቻርጀር ባለ ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ ሶኬት አለው፤ በላላ ማገናኛ እየፈነጠረ ከሚሠራ ገመዱን ማስቀየር ይሻላል።

እንግዲህ መቀየር ያለበት መቼ ነው? ማዘርቦርዱ ውኃ የጠጣ፣ ራሙ 4 ጊጋባይት ሆኖ ቦርዱ ላይ የተበየደ፣ ማጠፊያው ከነቤቱ የተሰበረ ማሽን ይሸኝ። ሌላው ምክንያት ዊንዶውስ ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ የደኅንነት ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ለተመዘገበ ተጠቃሚ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. ተራዝሟል። ማሽኑ በዚያ ቀን አይቆምም፣ ግን የእያንዳንዱ ደንበኛ ፍላሽ በሚሰካበት ጽሕፈት ቤት ያለ ማሻሻያ መሥራት አደጋ ነው። ዊንዶውስ 11 በኢንቴል በኩል በይፋ የሚቀበለው፣ ከጥቂቶች በቀር፣ ከ8ኛ ጀነሬሽን ጀምሮ ነው። ሥራው ኢንተርኔትና ጽሑፍ ብቻ የሆነ ሰው ሊኑክስ ሚንት ጭኖ አሮጌውን ማሽን ብዙ ዓመት ማሠራት ይችላል፤ ፓወር ግዕዝ የሚባለውን የአማርኛ መጻፊያ የሚፈልግ ግን ከዊንዶውስ አይወጣም።

ገበያ ላይ «ኮር አይ 7 ነው!» ተብሎ ይጮኻል። ጆሮ አትስጡት፤ ጀነሬሽኑን ጠይቁ። በፕሮሰሰሩ ስም ውስጥ ከሰረዙ በኋላ ያለውን ቁጥር አንብቡ፦ 6300 ከሆነ 6ኛ ነው፣ 8250 ከሆነ 8ኛ፣ 10210 ከሆነ 10ኛ። በ2017 እ.ኤ.አ. በወጣው 8ኛ ጀነሬሽን የቀጫጭን ላፕቶፖች ኮር ከሁለት ወደ አራት አድጓል፤ ስለዚህ 8ኛው ኮር አይ 5 ከ7ኛው ኮር አይ 7 በኮር ብዛት እጥፍ ነው። ዋጋው ግን ብዙ ጊዜ በስሙ ይተመናል።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲመራ ሲለቀቅ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በዓመቱ ከ130 አለፈ። አዲስ ላፕቶፕ ለመምህር ደመወዝ ምን ያህል እንደራቀ ከዚህ መገመት ይቻላል። በዚያ ላይ በርካሽ የሚሸጠው አዲስ ማሽን ሴሌሮን ፕሮሰሰርና የማይቀየር 64 ጊጋባይት ማስቀመጫ ያለው ፕላስቲክ ነው፤ ከተጠገነ ላቲቲውድ በታች ነው ብዬ ያለማመንታት እናገራለሁ። እኔ ብገዛ የምገዛው ያገለገለ ቲንክፓድ ቲ 480፣ ኤሊትቡክ 840 ጂ 5 ወይም ላቲቲውድ 5490 ነው፤ ሦስቱም 8ኛ ጀነሬሽን አላቸው፣ ራማቸውም ይቀየራል። ከሦስቱ ልቤ ያለው ቲ 480 ላይ ነው። ሁለት ባትሪ አለው፤ ማሽኑ ሳይጠፋ የውጪውን ነቅሎ ሌላ መተካት ይቻላል። በቀጣዩ ዓመት የመጣው ቲ 490 ይህን አጥቷል፣ ከራሙም ከፊሉ ቦርዱ ላይ ተበይዷል።

መቀየር ከተወሰነ በኋላ የሚመጣው ጣጣ ፊደላችን ነው። በቁቤ የተጻፈ ሰነድ የትም ሄዶ ይከፈታል። የአማርኛው ግን እንደ ዕድሜው ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት የተሠሩ ፕሮግራሞች ፊደሉን በላቲን ፊደላት ኮድ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት፤ ከዚያ በኋላም ለዓመታት በእነሱ ተጽፏል። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ፎንቱ በሌለበት አዲስ ማሽን ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደል ድብልቅልቅ ሆኖ ይወጣል። በዩኒኮድ ተጽፎ ፎንቱ ኒያላ የሆነም ቢሆን፣ ዊንዶውስ 10 እና 11 ኒያላን ሁልጊዜ አብረው ስለማይጭኑ ከተጨማሪ ባሕርያት ዝርዝር ውስጥ የኢትዮጵያ ፎንቶች የሚለውን ማስጫን ያስፈልጋል፤ አለዚያ ገጹ ይሸሻል፣ ሠንጠረዡ ይፈርሳል። ስለዚህ የድሮውን ላፕቶፕ ከመሸጣችሁ በፊት ፎንቶቹን በፍላሽ ገልብጡ፣ የማይለወጡትን ሰነዶች እዚያው ላይ ፒዲኤፍ አድርጓቸው፣ ከዚያ አዲሱ ላይ አንድ በአንድ ከፍታችሁ እዩ።