ከገዳዩ በፊት ሟቿን የሚፈልግ መርማሪ

ፓሪስ ውስጥ ቫንቲሚ በሚባል ትንሽ አደባባይ አንዲት ወጣት ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተገድላ ተገኘች። ዕድሜዋ ሃያ ቢሆን ነው። የለበሰችው ያረጀ ሰማያዊ የምሽት ቀሚስ ነው፤ አንድ እግሯ ጫማ የለውም፤ ማንነቷን የሚናገር ወረቀትም አልተገኘባትም። ጉዳዩን ሁለት ፖሊሶች ይከታተሉታል። አንደኛው የሰፈሩ መርማሪ ሎኞን ነው። ከእሱ የሚተጋ ፖሊስ በከተማው የለም። እንቅልፍ አጥቶ፣ ጉንፋን ይዞት፣ በር እያንኳኳ ይጠይቃል፤ ደንቡ ከሚያዘው አንዱንም አያስቀርም። ሁለተኛው ኮሚሳር ሜግሬ ነው። የሜግሬን ሐሳብ የያዘው ቀሚሱ ነው።

ቀሚሱ የኪራይ ሆኖ ተገኘ። ሜግሬ ቀሚሱን ያከራየችው ሴት ዘንድ ሄዶ ልጅቷ ስትገባ እንዴት እንደነበረች፣ ምን እንዳለች፣ ምን ለብሳ እንደመጣች ያጠያይቃል። ከዚያ ተከራይታ የኖረችበትን ክፍል፣ በቁማር ልቧ የጠፋውን ኒስ ያለችውን እናቷን፣ ያን ሌሊት የሠርጓ ግብዣ የነበረውን የቀድሞ ጓደኛዋን አንድ በአንድ ያገኛል። በመጨረሻ አንድ ባርማን ስለ ልጅቷ የሚነግራቸው ታሪክ አለ። ሎኞን ታሪኩን አምኖ ይከተለዋል። ሜግሬ ግን በሕይወት አይቷት የማያውቃትን ልጅ እስከዚያ ድረስ ለምዷት ስለነበር፣ እሷ እንዲህ እንደማታደርግ ያውቃል። ባርማኑ መዋሸቱ የታወቀው በዚህ ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1954 የታተመው ይህ ልቦለድ የሜግሬን አሠራር ከሌሎቹ የሜግሬ ልቦለዶች ሁሉ አጥርቶ ያሳያል ብዬ አምናለሁ። መርማሪ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚመጣልን ሼርሎክ ሆልምስ ነው፤ ከጫማ ጭቃና ከሲጋራ አመድ ተነሥቶ የሰውየውን ታሪክ የሚናገረው። ሜግሬ አሻራና አመድ አይንቅም፤ ግን ለባለሙያዎቹ ይተወዋል። እሱ የሚጠይቀው ሟቹ ማን ነበር፣ ጠዋት የት ቡና ይጠጣ ነበር፣ ማንን ይፈራ ነበር የሚለውን ነው። ሟቹ በሚገባ ከታወቀ ገዳዩ ከዚያ ሕይወት ውስጥ ራሱ ይወጣል።

ስለዚህ ምርመራው ከውጭ ለሚያይ ሥራ አይመስልም። ግዙፉ ሰውዬ ከባዱን ካፖርቱን እንደለበሰ፣ ፒፓውን በአፉ ይዞ አንድ ሰፈር ይገባል። ቡና ቤት ተቀምጦ ቢራ ይጠጣል፤ ከበር ጠባቂዋ ጋር ያወራል፤ የሟቹ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ምን እያሰበ እንደሆነ የሚጠይቀው ሲመጣ ምንም እንደማያስብ ይመልሳል። ቀኑ እየገፋ ሲሄድ ግን የሰፈሩን ሽታ፣ የሰዎቹን ሰዓት፣ ማን ከማን እንደማይነጋገር ያውቃል። በመጀመሪያው የሜግሬ ልቦለድ የሚከተለው ወንጀለኛ ብዙ ስምና ብዙ መልክ ያለው ዓለም አቀፍ አጭበርባሪ ነው። ሜግሬ የሚጠብቀው ከዚያ ሁሉ ጭምብል በስተጀርባ ያለው ሰው ብቅ የሚልባትን ስንጥቅ ነው። ስንጥቋ እስክትታይ አይቸኩልም፤ ዝናብ ውስጥ ቆሞም ቢሆን ይጠብቃል።

ይህን ሰው የፈጠረው ዦርዥ ሲምኖን ቤልጂጋዊ ነው፤ በ1903 ሊየዥ ተወልዶ በ1989 ሎዛን ውስጥ አረፈ። በ15 ዓመቱ ያገሩ ጋዜጣ ዘጋቢ ሆነ፤ ፖሊስ ጣቢያ፣ ፍርድ ቤትና የሰፈር ወሬ የተማረው እዚያ ነው። ከ1931 እስከ 1972 ባሉት ዓመታት 75 የሜግሬ ልቦለዶችና 28 አጫጭር ታሪኮች አሳትሟል። አጻጻፉ ራሱ የሚገርም ነው። ከስልክ ማውጫ ስሞች ይለቅምና የባለታሪኮቹን ስም፣ ዕድሜና አድራሻ በአንድ ፖስታ ጀርባ ላይ ይጽፋል። ከዚያ በሩን ዘግቶ በቀን አንድ ምዕራፍ ይጨርሳል፤ መጽሐፉ በአሥር ቀን አካባቢ ያልቃል። መሐል ላይ ታሞ ሁለት ቀን ካቋረጠ የጻፈውን ይጥለዋል። ገና ጀማሪ ሳለ ደራሲዋ ኮሌት ጽሑፉን አይታ ሥነ ጽሑፍ በዝቶበታል ብላ መልሳለት ነበር። እሱም ቅጽሉንና ውብ ዐረፍተ ነገሩን መቁረጥ ለመደ። የተረፈው ቀላል ቋንቋ ነው፤ ግን ዝናቡ ያርሳል፣ የሽንኩርት ሾርባው ከገጹ ላይ ይሸታል።

ሜግሬ ከየት መጣ? በታሪኩ መሠረት የአንድ ባላባት ርስት አስተዳዳሪ ልጅ ነው። ሐኪም ሊሆን ተምሮ አባቱ ሲሞት አቋረጠ። ልጅ ሳለ የሚያልመው ሥራ ነበረው፦ ሰው ሕይወቱ መንገድ ሲስትበት የሚያማክረው፣ ሐኪምም ቄስም የሆነ ሰው መሆን። የነፍስ አባት ላለው አንባቢ ይህ ሕልም እንግዳ አይሆንም። እንዲህ ያለ ሙያ በፈረንሳይ ስላልነበረ ፖሊስ ሆነ። ለዚህ ነው ገዳዩን ሲይዘው የማይጮኸው። ሰውየው ለምን እዚያ እንደደረሰ ካወቀ በኋላ የሚሰማው ድካም ነው።

በ1931 በታተመ አንድ ልቦለድ ሞት የተፈረደበት እስረኛ ከሳንቴ እስር ቤት እንዲያመልጥ ሜግሬ ራሱ መንገድ ያመቻቻል። ሰውየውን ያስያዘው እሱ ነበር፤ ማስረጃውም ሁሉ እስረኛው ላይ ነው። ነገር ግን የሰውየው ጠባይ ከወንጀሉ ጋር አልገጥም አለው። እስረኛውን አንገት የሚቆርጠው ጊዮቲን እየጠበቀው ስለሆነ ሜግሬ ሥራውን አስይዞ ይከራከራል። ማስረጃን ሳይንቅ ከማስረጃው ጀርባ ያለውን ሰው የማየት ድፍረቱ እኔን ከሌሎች መርማሪዎች ሁሉ ወደ እሱ ይስበኛል።

የምርመራ ክፍሉ በሴን ወንዝ ዳር፣ በኬ ዴዞርፌቭር ቁጥር 36 ነው። ሕንፃው እውነተኛ ነው፤ የፓሪስ ወንጀል ምርመራ ፖሊስ እስከ 2017 ድረስ ዋና ቢሮው እዚያ ነበር። ሜግሬ አሮጌውን የከሰል ምድጃውን ራሱ ይቆሰቁሳል፤ ሉካና ዣንቪዬ የሚባሉት ረዳቶቹ ከጎኑ አይጠፉም። ተጠርጣሪው ሲመጣ ጥያቄው ሌሊቱን ሙሉ ይቀጥላል። አንዱ መርማሪ ሲደክመው ሌላው ይተካዋል። ብራስሪ ዶፊን ከሚባለው ቢራ ቤት ሳንዱዊችና ቢራ በትሪ ሲመጣ ኮሪደር ላይ የሚጠብቁት ጋዜጠኞች ሌሊቱ ረዥም እንደሚሆን ያውቃሉ። ዛሬ በሕግ የማይፈቀድ ብዙ ነገር አለበት፤ በኋለኞቹ መጻሕፍት ሜግሬ ራሱ መርማሪ ዳኞች ሥራውን እንደወሰዱበት ያማርራል። ንጋት ላይ ግን ብዙውን ጊዜ ተጠርጣሪው ቃሉን የሚሰጠው ፈርቶ ሳይሆን በመጨረሻ የሚረዳው ሰው ስላገኘ ነው።

ሥራው ሲያልቅ ሪሻር ለኗር ጎዳና ላይ ወዳለው ቤቱ ይመለሳል። ወይዘሮ ሜግሬ ገና የእግሩን ድምፅ ስትሰማ በሩን ትከፍትለታለች። ልጅ የላቸውም። ስለ ጉዳዩ ብዙ አትጠይቀውም፤ ከፊቱ ታውቀዋለች። ባልና ሚስት ሲዋደዱ የሚያሳይ የወንጀል ልቦለድ ብዙ አላጋጠመኝም።

እንከን የለውም አልልም። ሲምኖን ሲቸኩል ያስታውቃል። በመጀመሪያው መጽሐፍ የተገደለው ረዳት ቶራንስ በኋላ ምንም ሳይባል ሕያው ሆኖ ይመጣል። የባሰው ግን በመጀመሪያዎቹ ልቦለዶች ውስጥ ስለ አይሁዶችና ስለ ባዕዳን የሰፈረው አስቀያሚ አገላለጽ ነው፤ ያን ክፍል ዛሬ ማንበብ ያማል።

በእንግሊዝኛ ማንበብ ለሚችል ፔንጉዊን ከ2013 እስከ 2020 ባሉት ዓመታት 75ቱንም ልቦለዶች እንደ አዲስ አስተርጉሞ አሳትሟቸዋል። ቅደም ተከተል መጠበቅ አያስፈልግም። እኔ ከላይ በተረክሁት የወጣቷ ታሪክ፣ ቀጥሎም በ1932 በታተመው የሳን ፊያክር ጉዳይ መጀመርን እመክራለሁ። በዚህኛው ሜግሬ ወደ ትውልድ መንደሩ የሚመለሰው፣ በቅዳሴ ሰዓት ወንጀል እንደሚፈጸም የሚናገር ማስጠንቀቂያ ለፖሊስ ስለደረሰ ነው። አባቱ ያገለገሉት ቤት እመቤት፣ ልጅ ሳለ ከሩቅ ያደንቃት የነበረች ሴት፣ እዚያው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በተቀመጠችበት ልቧ ቆሞ ትሞታለች። ማንም አልነካትም። መሣሪያው በጸሎት መጽሐፏ መካከል የተሸጎጠ፣ ስለ ልጇ የሐሰት ወሬ የታተመበት ቁራጭ ጋዜጣ ነው፤ በዚህም ማንንም ፍርድ ቤት ማቅረብ አይቻልም።