የበርበሬ ዓይነቶችና የማቃጠል ኃይላቸው

በርበሬ ለቤት ፍጆታ ብቻ ሳይሆን ቶሎ ወደ ገንዘብ የሚለወጥ ሰብል ነው። በማረቆ፣ በሃላባ፣ በቡሬና በባኮ አካባቢ የሚገኙ ብዙ ገበሬዎች የዓመት ወጪያቸውን የሚሸፍኑት ከበርበሬ ሽያጭ ነው። ይሁን እንጂ የማቃጠል ኃይላቸው የተለያየ ዓይነቶች በአንድ ጆንያ ተደባልቀው ሲቀርቡ፣ ገዢው የያዘውን ስለማያውቅ ዋጋ ይቀንሳል። ዘሩ ከተደባለቀ ደግሞ ጉዳቱ በአንድ ዓመት አያበቃም። ስለዚህ የኤክስቴንሽን ሠራተኞችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት ዓይነቶቹን ለይተው እንዲያውቁ ይህን ጽሑፍ አቅርበናል።

1. ዋና ዋና ዓይነቶች

በርበሬ ዛሬ የአገራችን ወጥ ዋና ማጣፈጫ ቢሆንም መነሻው የአሜሪካ አህጉር ነው። በእኛ ማሳዎች የሚታዩት በሦስት ሊከፈሉ ይችላሉ።

ሀ) የፈረንጅ ቃሪያ፦ ፍሬው ትልቅና ሥጋው ወፍራም ነው። አያቃጥልም።

ለ) ቃሪያና በርበሬ፦ ብዙውን ጊዜ ልዩነታቸው የአለቃቀም ጊዜ ብቻ ነው። አረንጓዴ ሳለ የተለቀመው ቃሪያ፣ ቀልቶ የደረቀው በርበሬ ይባላል። ማረቆ ፋና፣ ባኮ ሎካል፣ መልካ አዋዜና መልካ ሾቴ በምርምር ተለይተው ለገበሬው ከቀረቡት ውስጥ ናቸው። ማረቆ ፋና በትላልቅና በጥቁር ቀይ ዛላው በገበያ ይፈለጋል።

ሐ) ሚጥሚጣ፦ ዛላው ትንሽና ቀጭን ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ወደ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ከሦስቱ እጅግ የሚፋጀው ይኸው ነው።

የፈረንጅ ቃሪያና በርበሬ በመልክ ቢራራቁም በዕፅዋት ሳይንስ አንድ ዝርያ ስለሆኑ በቀላሉ ይዳቀላሉ። ይህ መዘንጋት የለበትም።

2. የሚያቃጥለው ምንድን ነው?

የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን የሚባል ንጥረ ነገር ነው። ብዙዎች ፍሬው ውስጥ ያለ ይመስላቸዋል። በእርግጥ ግን የሚሠራው ፍሬዎቹ በተያያዙበት ነጭ ሥጋ ላይ ነው፤ ፍሬው የሚያቃጥለው ከዚያ ስለሚነካካ ነው። የዛላው ቅላት የሚመጣው ከሌላ ንጥረ ነገር ስለሆነ፣ በጣም የቀላ ሁሉ በጣም ያቃጥላል ማለት አይደለም።

ዊልበር ስኮቪል የተባለ አሜሪካዊ የመድኃኒት ባለሙያ በ1912 (እ.ኤ.አ.) የአለካክ ዘዴ አውጥቷል። ከበርበሬ በአልኮል የወጣው ጭማቂ ቀማሾች ማቃጠሉ እስከማይሰማቸው ድረስ በስኳር ውኃ ይቀጥናል፤ የቀጠነበት ብዛት መለኪያው ይሆናል። ዛሬ ካፕሳይሲኑ በላቦራቶሪ መሣሪያ ቢለካም የስኮቪል ቁጥር አሁንም ይሠራበታል። ለማነጻጸር ያህል፦

የፈረንጅ ቃሪያ፦ 0
ሃላፔኞ የሚባለው የሜክሲኮ ቃሪያ፦ ከ2,500 እስከ 8,000
ካየን የሚባለው ቀጭን በርበሬ፦ ከ30,000 እስከ 50,000
የሚጥሚጣ ዓይነት ትናንሽ ዛላዎች፦ ከ50,000 እስከ 100,000
ሃባኔሮ፦ ከ100,000 እስከ 350,000

አንድ ዓይነት ዘር እንኳ በሁሉም ማሳ እኩል አያቃጥልም። ሙቀት ሲበዛና ውኃ ሲያጥር ብዙውን ጊዜ የማቃጠል ኃይሉ ይጨምራል። በመሆኑም ማኅበራት የየአካባቢውን ምርት ለየብቻ ቢያከማቹ ይመረጣል።

3. ዘር እንዴት ይደባለቃል?

የበርበሬ አበባ በአብዛኛው ራሱን በራሱ ቢያዳቅልም ንብና ሌሎች ነፍሳት ከሌላ ተክል ዱቄት ያመጡበታል። በርበሬ አጠገብ ሚጥሚጣ ወይም የፈረንጅ ቃሪያ ቢኖር የዚያ ዓመት ዛላ ጣዕሙ አይለወጥም፤ ነጩ ሥጋ የእናቲቱ ተክል ነውና። የተዳቀለው በውስጡ ያለው ፍሬ ነው። ገበሬው ለውጡን የሚያየው ያንን ፍሬ በሚቀጥለው ዓመት ሲዘራ ነው፤ ያኔ መሬቱም ጉልበቱም ወጥቷል። በዓይን አይቶ ዘሩን መለየት ስለማይቻል መከላከሉ ብቻ ነው የሚያዋጣው። ስለዚህ፦

— የዘር ማሳ ከሌላ ዓይነት በርበሬ ቢያንስ 400 ሜትር ይራቅ።
— በመልክ የተለየ ተክል ከማበቡ በፊት ይነቀል።
— ዘር የሚወሰደው ከአውድማ ክምር ሳይሆን ገና በማሳ ላይ ሳለ ምልክት ከተደረገበት ጤነኛ ተክል ይሁን።
— የዘሩ ዛላ ለብቻው ደርቆ፣ የዓይነቱ ስምና የተመረተበት ዓመት ተጽፎበት ይቀመጥ።

4. ማኅበራት ሊያደርጉት የሚገባ ቀላል ምርመራ

ከየአባሉ ጆንያ ከላይ፣ ከመካከልና ከሥር ጥቂት ዛላ ወስዶ ለየብቻ መፍጨት፤ ከእያንዳንዱ እኩል ዱቄት በእኩል የስኳር ውኃ በጥብጦ ሦስት ሰዎች የማን መሆኑን ሳያውቁ እንዲቀምሱ ማድረግ ይቻላል። ይህ የላቦራቶሪን ያህል ባይሆንም የሚፋጀውን ከለዘብተኛው ለመለየት ይረዳል፤ በአባላት መካከል የሚነሳውንም ክርክር ያበርዳል።

ዛላው በባዶ መሬት ላይ ሳይሆን በምንጣፍ ወይም በቆጥ ላይ ይድረቅ፤ እርጥበት የቀረበት በርበሬ ይሻግታል፣ ለጤናም ጎጂ ይሆናል። ካፕሳይሲን በውኃ ስለማይሟሟ፣ ሲለዩና ሲፈጩ የዋሉ ሰዎች እጃቸውን በመጀመሪያ በዘይት ከዚያም በሳሙና ይታጠቡ፤ እስኪታጠቡም ዓይናቸውን አይንኩ።

የኤክስቴንሽን ሠራተኞች ይህን ምክር አበባ ከመውጣቱ በፊት ለገበሬው እንዲያደርሱ እናሳስባለን። ከለቀማ በኋላ የሚሰጥ ምክር ለዚያ ዓመት ዘር አይደርስም።