የሞላው ውሃ በየት ይውጣ? ከቃሊቲ ፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ ጋር ትውውቅ

ቃሊቲ ሲነሣ የብዙ ሰው ሐሳብ ቀድሞ ማረሚያ ቤቱ ላይ ያርፋል። በዚያው በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ግን ስሙ እምብዛም የማይነሣ፣ የከተማው ጤና የተደገፈበት ሌላ ተቋም አለ፦ የቃሊቲ ፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ። የሚያስተዳድረው የአዲስ አበባ ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ነው። ቤቱ ከፍሳሽ መስመር ጋር የተገናኘ የመሀል ከተማ ነዋሪ ሳህን ሲያጥብ፣ ገላውን ሲታጠብ፣ ሽንት ቤት ገብቶ ውሃ ሲለቅ፣ ያ ውሃ ተጉዞ የሚያርፈው እዚህ ነው።

ቦታው የተመረጠው በምክንያት ነው። አዲስ አበባ ከሰሜን ወደ ደቡብ ታዘቀዝቃለች። የእንጦጦ ጫፍ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ አቃቂ አካባቢ ሲደረስ ከፍታው ወደ 2,100 ሜትር ይወርዳል። ስለዚህ ፍሳሹ አብዛኛውን መንገድ ያለ ፓምፕ፣ በራሱ ክብደት ቁልቁል ይወርዳል። ከተጣራ በኋላ ትንሹ አቃቂ ወንዝ ይቀበለዋል፤ ወንዙም አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ ከትልቁ አቃቂ ጋር ተገናኝቶ ወደ አዋሽ ይሄዳል። አዋሽ ደግሞ ባሕር የማይደርስ ወንዝ ነው፤ የቆቃን ግድብ አልፎ፣ የአፋርን ቆላ አቋርጦ በአቤ ሐይቅ ያበቃል። ከአዲስ አበባ የወጣ እድፍ ባሕር ወሰደው ተብሎ የሚረሳ አይደለም። ከብት በሚጠጣው፣ ጎመንና ሰላጣ በሚለማበት ውሃ ውስጥ፣ እዚሁ በመካከላችን ይቀራል። ጣቢያው የቆመው በዚህ መንገድ መግቢያ ላይ ነው።

ከኩሬ ወደ ገንዳ

የመጀመሪያው ጣቢያ በ1970ዎቹ ዓ.ም. ሲሠራ ዘዴው ኩሬ ነበር። ፍሳሹ በተከታታይ የተቆፈሩ ሰፋፊ ኩሬዎችን ቀስ ብሎ ያልፋል፤ ከባዱ ወደ ታች ይዘቅጣል፤ የቀረውን ፀሐይ፣ አልጌና ባክቴሪያ ይጨርሱታል። ዲዛይኑ በቀን 7,600 ሜትር ኩብ ለመቀበል፣ 50,000 ያህል ሰው ለማገልገል ነበር። ኩሬ ብዙ ማሽን አይጠይቅም፤ ሰፊ መሬትና ረጅም ጊዜ ግን ይፈልጋል። ከተማው ሲያድግ መሬቱም ጊዜውም ጠፋ።

በዓለም ባንክ ድጋፍ የተገነባው አዲሱ ጣቢያ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ እንዲያጣራ የታቀደ ነው፤ ከቀድሞው ከ13 እጥፍ በላይ ማለት ነው። ወደ ሰከንድ ሲመነዘር ከ1,150 ሊትር ይበልጣል፤ በየቤቱ የሚታየውን ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ አንድ ሰከንድ ሳይሞላ ሞልቶ የሚያፈስ መጠን ነው። ይህን የሚያህል ውሃ ሳይቆምና ሳይገነፍል የሚያሳልፈው ግን የገንዳው ግዝፈት አይደለም። ውሃው ሞልቶ የሚፈስባቸው ከንፈሮችና የሚገባባቸው ጠባብ ቀዳዳዎች ናቸው።

የገንዳው ከንፈር

መርሑ በአንድ ክፍል ውስጥ በሚቀመጥ የዓሣ ገንዳ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ደኅና አድርጎ በተሠራ ገንዳ ውስጥ ውሃው በአንድ ጥግ ባለጥርስ ከንፈር ላይ ሞልቶ ይፈስሳል፤ በቱቦ ወርዶ ከሥር ወደተቀመጠ ሁለተኛ ገንዳ ይገባል፤ እዚያ ተጣርቶ በፓምፕ ይመለሳል። ጥርሶቹ ዓሣውን ያስቀራሉ፤ ውሃውን ያሳልፋሉ። የላይኛውን ገንዳ የውሃ ከፍታ በዋናነት የሚወስነው ፓምፑ ሳይሆን ይህ ከንፈር ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ቅጠል፣ ቀንድ አውጣ ወይም አልጌ ጥርሱን ወይም ቱቦውን ሲይዝ ነው። መውረጃው በከፊል ከተዘጋ ውሃው ከንፈሩ ላይ ከፍ ይላል፤ ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ ፓምፑ የታችኛውን ገንዳ ውሃ እየሳበ ከላይ ወደ ወለሉ ይደፋዋል። ስለዚህ ጠንቃቃ ሠሪ አፉ ከዋናው ትንሽ ከፍ ያለ ሁለተኛ ቱቦ ይጨምራል። ይህ የመጠባበቂያ ቱቦ ዘወትር ደረቅ መሆን አለበት። ውሃ ከገባበት ዋናው እየተዘጋ ነው ማለት ነው፤ ያኔ ጥርሱን በብሩሽ ማጽዳት፣ ቱቦውን ነቅሎ ማጠብ፣ በመጨረሻም ፓምፑን አጥፍቶ ከላይ የሚወርደውን ውሃ የታችኛው ገንዳ መያዙን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። መጠባበቂያውን የዕለት መንገድ ያደረገ ሰው መጠባበቂያ የለውም።

የቃሊቲን የመሰሉ ጣቢያዎችም በዚሁ ሕግ ይተዳደራሉ። ትልልቅ ገንዳዎች ውሃቸውን የሚለቁት በዙሪያቸው ወይም በላያቸው በተዘረጋ ቦይ ነው። የቦዩ ጠርዝ ላይ በሦስት ማዕዘን ቅርጽ የተቆረጡ ጥርሶች ይደረደራሉ። ማዕዘኑ 90 ዲግሪ በሆነ ጥርስ ውስጥ ውሃው 5 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ኖሮት ሲያልፍ በሰከንድ 0.77 ሊትር ያህል ይወርዳል። ከፍታው 6 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ወደ 1.2 ሊትር ይደርሳል። በአንድ ሴንቲ ሜትር ልዩነት ከግማሽ በላይ ጭማሪ ነው። ስለዚህ ጠርዙ በአንድ ወገን ትንሽ ቢያዘነብል፣ ወይም በአንድ ወገን ጥርሶቹ በአልጌና በአረፋ ቢደፈኑ፣ ውሃው ወደ ሌላው ወገን ያደላል። በዚያ በኩል ፍሰቱ ይፈጥናል፤ መዝቀጥ የነበረበትን ቆሻሻ እያነሣ ይዞት ይወጣል። በሌላው በኩል ውሃው ይተኛል። ገንዳው ሳይሰበር፣ ሞተር ሳይቃጠል፣ ማጣራቱ ብቻ ይበላሻል። ብሩሽና ውሃ ልክ የያዘ ሠራተኛ ትልቅ ሥራ የሚሠራው እዚህ ላይ ነው።

ከታች ወደ ላይ

ፍሳሹ ጣቢያው እንደደረሰ መጀመሪያ በብረት ፍርግርግ ያልፋል፤ ጨርቅ፣ ፕላስቲክና እንጨት እዚያ ይቀራል። ቀጥሎ አሸዋ ይዘቅጣል። ከዚያ በኋላ ወደ ጣቢያው ልብ ይገባል፤ ኦክስጅን በሌለበት ወደሚሠሩት ጥልቅ ገንዳዎች።

ይህን ዘዴ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ያዳበሩት ሆላንዳዊው ሳይንቲስት ጋትዘ ሌቲንጋና በዋኽኒንገን ያሉ ባልደረቦቻቸው ናቸው። ፍሳሹ ከገንዳው ወለል ይገባና ቀስ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል። ከታች እንደ ብርድ ልብስ የተንጣለለ ባክቴሪያ የሞላበት ዝቃጭ አለ፤ ውሃው በዚያ ውስጥ ሲያልፍ ባክቴሪያው ቆሻሻውን እየበላ ወደ ባዮጋዝ ይለውጠዋል። ጋዙ በላይኛው ክፍል በተገለበጡ ቆቦች ይሰበሰባል፤ ዝቃጩ ተመልሶ ይወርዳል፤ ውሃው ደግሞ በባለጥርሱ ከንፈር ሞልቶ ይወጣል። አየር የሚነፋ ማሽን ስለማያስፈልግ የመብራት ወጪው ትንሽ ነው።

ዘዴው የሚሠራው ግን ፍሳሹ በወለሉ ሁሉ እኩል ሲከፋፈል ነው። እንዲህ ባሉ ገንዳዎች አናት ላይ የማከፋፈያ ሳጥኖች ይቀመጣሉ፤ ከእያንዳንዱ ሳጥን ብዙ ቀጫጭን ቱቦዎች ቀጥ ብለው ወደ ወለሉ ይወርዳሉ። የንድፉ ጥበብ እያንዳንዱ ቱቦ የራሱ መግቢያ ያለው መሆኑ ነው። አንዱ ሲዘጋ በመግቢያው ላይ ውሃ ይቆማል፤ ሠራተኛው በዓይኑ አይቶ የትኛው እንደሆነ ያውቃል። ቱቦው ቀጥ ያለ ስለሆነም ከላይ ዘንግ አስገብቶ ይከፍተዋል። ሳይከፈት ከቆየ በዚያ ቱቦ ሥር ያለው ዝቃጭ ምግብ ያጣል፤ የቀሩት ቱቦዎች ደግሞ ከዓቅማቸው በላይ ያሳልፋሉ።

ኦክስጅን የማይፈልጉት ባክቴሪያዎች ሞቃት ውሃ ይወዳሉ፤ የአዲስ አበባ ደጋ አየር ለእነሱ ቀዝቃዛ ነው። በሞቃት አገርም ቢሆን ሥራውን ሁሉ ብቻቸውን አይጨርሱም። ስለዚህ ውሃው ቀጥሎ ኦክስጅን ወደሚሠራበት ሁለተኛ ደረጃ ይሄዳል፤ ወደ ርጭት ማጣሪያው። ይህ ማጣሪያ በመሠረቱ በጠጠር ወይም በፕላስቲክ ቁራጭ የተሞላ ክብ ገንዳ ነው። ከላይ ረጃጅም ክንዶች ውሃ እየረጩ ይዞራሉ፤ በብዙ ጣቢያዎች የሚያዞራቸው ከቀዳዳቸው የሚወጣው ውሃ ራሱ የሚሰጠው ግፊት ነው። በጠጠሩ ላይ የበቀለው ስስ የባክቴሪያ ሽፋን የሚያልፈውን ውሃ ያጸዳል።

እዚህም ጠላቱ የተደፈነ ቀዳዳ ነው። ጥቂት ቀዳዳዎች ሲዘጉ ከሥራቸው ያለው ሽፋን ይደርቃል፤ ብዙዎቹ ሲዘጉ ክንዱ ይዘገያል፤ ቆይቶም ይቆማል። ክንዱ በቆመበት ቦታ ውሃ ይተኛል፤ የቀረው ይጠማል፤ የማጣሪያ ዝንቦችም ይራባሉ። ስለዚህ የክንዶቹ ጫፍ እየተከፈተ ይታጠባል፤ ቀዳዳዎቹ እየተቆጠሩ ይጠረጋሉ። በመጨረሻ ውሃው በማዝቀጫ ገንዳ አልፎ፣ እንደገና በከንፈር ሞልቶ ወደ ወንዙ ይወጣል፤ ዝቃጩ ደግሞ በማድረቂያ መደቦች ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል።

መስመር ሲዘጋ

ጣቢያው የቱንም ያህል ቢጸዳ፣ ወደ እሱ የሚወስደው መስመር ከተዘጋ ፍሳሹ አይደርስለትም። የፍሳሽ ቱቦ ራሱን እያጠበ እንዲሄድ ውሃው በሰከንድ 0.6 ሜትር ያህል መፍሰስ አለበት። ከዚያ ሲያንስ አሸዋ ይተኛል፤ አሸዋው ላይ ቅባት ይጋገራል፤ ቅባቱ ላይ ጨርቅ ይያዛል። ቱቦ ሲዘጋ ውሃው መውጫውን ራሱ ይመርጣል፤ የሚመርጠውም ዝቅ ያለውን ማንሆል ነው። በኮንዶሚኒየም ሕንፃ ላይኛው ፎቅ የተጣለው ምድር ቤት ያለው ጎረቤት ቤት ይገነፍላል። በከተማም እንዲሁ ነው፤ ከፍ ያለው ሰፈር የጣለውን ዝቅ ያለው ይቀበላል።

ባለሙያዎች የተዘጋውን ቦታ የሚፈልጉት ማንሆሎችን በተራ እየከፈቱ ነው። አንዱ ማንሆል ሞልቶ ቀጣዩ የታችኛው ደረቅ ከሆነ ችግሩ በሁለቱ መካከል ነው። ሥራው የሚጀመረው ከታችኛው ማንሆል ነው። ባለከፍተኛ ግፊት ውሃ የጫነ መኪና የውሃ ጎማ ወደ ቱቦው ይሰድዳል፤ በጎማው ጫፍ ያለው አፍንጫ ውሃውን ወደ ኋላ ስለሚረጭ ጎማው በራሱ ወደ ፊት ይጓዛል፤ ሲመለስ ቆሻሻውን እየጠረገ ያወርዳል። የወረደው ቆሻሻ እዚያው ተይዞ መውጣት አለበት፤ ካልወጣ መዘጋቱ ወደሚቀጥለው ሰፈር ይዛወራል እንጂ አይጠፋም።

በዚህ ሥራ ላይ የማይታለፍ ሕግ አለ፦ ማንሆልም ሆነ ሴፕቲክ ታንክ ውስጥ ዝም ብሎ አይገባም። ፍሳሽ ሲበሰብስ ሃይድሮጂን ሰልፋይድ የተባለ ጋዝ ይወጣል። በጥቂቱ ሲሆን እንደ ተበላሸ እንቁላል ይሸታል፤ ሲበዛ ግን የማሽተትን ስሜት ያደነዝዛል። ሽታው ጠፋ ብሎ የወረደ ሰው ለመርዙ በጣም ቀርቧል። ከአየር ስለሚከብድ ከታች ይተኛል፤ የወደቀውን ለማውጣት ተከትሎ የሚገባውንም ይጥላል። የጋዝ መለኪያ፣ አየር ማስገቢያ፣ ገመድና ከላይ የሚጠብቅ ሰው በሌለበት ማንም መውረድ የለበትም። የቀን ሠራተኛ በአካፋ ብቻ ጉድጓድ የሚያስወርድ የሕንፃ ባለቤት የሰው ሕይወት እያስያዘ ነው።

ከቤታችን የሚጀምረው ጥገና

ቱቦ ከሚዘጉት ነገሮች አብዛኞቹን የምንልካቸው እኛው ነን። የወጥ ቅባትና ሞራ ትኩስ እያለ እንደ ውሃ ይወርዳል፤ ቱቦው ውስጥ ሲቀዘቅዝ ይረጋል። የቡና አተላ፣ የጌሾ ቅጠልና የጠላ አተላ እዚያው ላይ ይጣበቃሉ። ዳይፐር፣ ሞዴስና እርጥብ መጥረጊያ እንደ ሶፍት አይበጣጠሱም፤ ተጠላልፈው ገመድ ይሆናሉ። በክረምት ደግሞ የግቢን ጎርፍ ወደ ፍሳሽ ማንሆል የሚለቅ ሰው መስመሩ ያልተሠራለትን ውሃ ይጭንበታል፤ ጎርፉ አሸዋና ጭቃ ይዞ ይገባል፤ ከታች ያለውም ማንሆል ይገነፍላል።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ድስትና ምጣድ ከመታጠባቸው በፊት ቅባታቸው በወረቀት ይጠረግ። ከእቃ ማጠቢያው ሥር ያለው ሲፎን በየጊዜው ተፈትቶ ይታጠብ። ምግብ ቤቶች፣ ሆቴሎች፣ እንደ ማረሚያ ቤት፣ ሆስፒታልና ዩኒቨርሲቲ ብዙ ሰው የሚመግቡ ተቋማት ከማብሰያ ቤታቸው መውጫ ላይ የቅባት ማስቀሪያ ጉድጓድ ይኑራቸው፤ ጉድጓዱም ሳይሞላ ይጠረግ። የዝናብ ውሃ በዝናብ መውረጃው ይሂድ። የማንሆል ክዳን ሲሰበር ወይም ሲሰረቅ፣ ፍሳሽ መንገድ ላይ ሲወጣ፣ በባለሥልጣኑ የ906 ነፃ መስመር ይነገር።

ከመንግሥትና ከአልሚዎች የሚጠበቀውም ግልጽ ነው። ጣቢያ ሲመረቅ ሪባን ይቆረጣል፤ ብሩሽ፣ የግፊት መኪና፣ የጋዝ መለኪያና የሠለጠነ ሠራተኛ ግን በየዓመቱ በጀት ይፈልጋሉ። አንድ ኮንዶሚኒየም ሲሠራ የፍሳሽ መስመሩን ማን፣ በምን ገንዘብ፣ በስንት ጊዜ እንደሚጠርገው ነዋሪው ቁልፍ ከመረከቡ በፊት መታወቅ አለበት። ጥርሱ ያልተጠረገ፣ ቱቦው ያልተከፈተ የ100,000 ሜትር ኩብ ጣቢያ በተግባር የሚያጣራው ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ነው። በትንሹ አቃቂ ዳር ጎመን የሚያለማው ገበሬ ንጹሕ ውሃ እንዲያገኝ፣ ከላይ ያለነው ወደ ቱቦ የምንጥለውን እንምረጥ፤ ከታች ሆነው ቱቦውን ለሚጠርጉልን ባለሙያዎችም የሚገባቸውን ክብር፣ መሣሪያና ደመወዝ እንስጥ።