የንባብ ክበብና የተማሪዎች ቋንቋ፤ ከኮልፌ ቀራንዮ አንጻር

በብዙ ትምህርት ቤቶች የንባብ ክበብ በትምህርት ዘመኑ መጀመሪያ ይቋቋማል፤ ሊቀ መንበርና ጸሐፊ ይመረጡለታል፤ በበዓል ቀንም በሰልፍ ላይ ግጥም ያቀርባል። በመካከሉ ምን ያህል መጽሐፍ እንደ ተነበበ ሲጠየቅ ግን የሚሰጠው መልስ ሁልጊዜ የሚያኮራ አይደለም። ዘወትር የሚጠቀሰው ምክንያት የመጻሕፍት እጥረት ነው። እጥረቱ የማይካድ ቢሆንም፣ ክበቡ እንዴትና በምን ቋንቋ እንደሚያነብ መመርመር ከግዥው መቅደም ይገባዋል።

አንድን ቅጂ ለብዙ ሰው ማዳረስ በአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በቤተ ክህነት ትምህርት ቤትም ሆነ በቁርኣን ትምህርት ቤት ንባብ የሚጠናው ድምፅን ከፍ በማድረግ ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በወጋየሁ ንጋቱ አንባቢነት በኢትዮጵያ ሬዲዮ በመተላለፉ፣ መጽሐፉን በእጃቸው ያልያዙ ብዙዎች በዛብህንና ሰብለወንጌልን ለማወቅ በቅተዋል። ስለዚህ አርባ አባላትና አንድ ቅጂ ብቻ ያለው ክበብ ሥራ ሊፈታ አይገባውም። የሚያስፈልገው ምዕራፉን አስቀድሞ የተለማመደ አንባቢና ለውይይት የሚበቃ ጊዜ ነው።

የቋንቋው ጉዳይ ከዚህ ይከብዳል። በምዕራብ አዲስ አበባ በሚገኘው በኮልፌ ቀራንዮ፣ በአንድ ክፍል ጎን ለጎን የሚቀመጡ ተማሪዎች በየቤታቸው አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ጉራጊኛ፣ ስልጢኛ ወይም ጋሞኛ የሚነገርባቸው ሊሆኑ ይችላሉ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረውና እያደር 15 ቋንቋዎችን ያዳረሰው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ኦሮምኛንና ስልጢኛን ጭምር በግዕዝ ፊደል ያስተምር ነበር። ኦሮምኛ ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ በቁቤ፣ ማለትም በላቲን ፊደል፣ ይጻፋል። በዘመቻው ጊዜ በኦሮምኛ ማንበብን የተማሩ አያት፣ ዛሬ የልጅ ልጃቸው የያዘው መጽሐፍ ቋንቋው የራሳቸው ሆኖ ሳለ ፊደሉ ይጠፋባቸው ይሆናል። ልጁ ድምፁን ከፍ አድርጎ ቢያነብላቸው ግን እሳቸው አነጋገሩን ያርሙለታል፤ ምናልባት መምህሩ የማያውቀውን ቃል ያስረዱታል። (አንድ ቋንቋ በሁለት ፊደል መጻፉ አዲስ አይደለም፤ የወሎ ዓሊሞች የአማርኛ መንዙማን በዓረብኛ ፊደል ሲጽፉ ኖረዋል።) ክበቡ እንዲህ ያለውን ንባብ እንደ ሥራው ቈጥሮ ሊመዘግበው ይገባል እንጂ፣ በቤት የተነበበ ነው ብሎ ሊተወው አይገባም።

በአካባቢው ላሉ ክበቦች ለመነሻ የሚሆን ጽሑፍም አይጠፋም። ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. በኮልፌ ወታደራዊ ሥልጠና መውሰዳቸውን እ.ኤ.አ. በ1994 በታተመው የሕይወት ታሪካቸው ተርከዋል። ኮልፌን የሚመለከተው ክፍል ጥቂት ገጾች ብቻ በመሆኑ፣ የእንግሊዝኛ መምህሩ በአንድ ክፍለ ጊዜ ወደ አማርኛ እየመለሰ ሊያነበው ይችላል። ተማሪዎችም ትረካውን እቤት በሚነገረው ቋንቋ ለወላጆቻቸው መልሰው ተርከው፣ የሰፈሩ አዛውንት ስለዚያ ዘመን የሚያስታውሱትን ጽፈው ቢመጡ፣ ክበቡ ለሚቀጥለው ሳምንት የሚነበብ የራሱ ጽሑፍ አገኘ ማለት ነው።

የትምህርት ዕቅድ አውጪዎች ከየትምህርት ቤቱ የሚሰበስቡት ሪፖርት ክበብ መኖሩንና የአባላቱን ብዛት ብቻ የሚጠይቅ ከሆነ ይህ ሁሉ ሥራ ሳይታይ ይቀራል። በቅጹ ላይ የተነበበው ጽሑፍ ርእስ፣ የተነበበበት ቋንቋና በውይይቱ መልስ ያላገኘ አንድ ጥያቄ የሚጻፍባቸው ሦስት መስመሮች መጨመር ብዙ ወጪ አይጠይቅም።